ስክሪኑን የሚያየው ማነው? ስለ ኦንላይን የዲዛይን ኮርሶች

በቴሌግራም ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ከሌሎቹ ሁሉ ይበዛል። «ዩኤክስ ዩአይ መማር ፈልጌ ነበር፤ የትኛውን ኮርስ ልውሰድ?» የሚል ነው፤ የአፕና የድረ ገጽ ዲዛይን ማለታቸው ነው። ከጠያቂዎቹ መካከል አካውንቲንግ ጨርሰው ሥራ የሚፈልጉ አሉ። ባነርና ፍላየር ሲሠሩ ኖረው የሰለቻቸው ግራፊክስ ባለሙያዎችም አሉ። የሌሊት ተረኛ ሆና በየመሃሉ ቪዲዮ የምታይ ነርስም አለችበት። ለሁሉም የምመልሰው ተቀራራቢ ነው፦ የትኛውንም ጀምሩ፣ ግን አንዱን ጨርሱ።

ይሄ መልስ ማንንም አያስደስትም። ሰው የሚፈልገው ዝርዝር ነው። ዝርዝር ደግሞ ሞልቷል። ሙሉ ኮርስ በጊጋባይት የሚጭኑ ቻናሎች አሉ። አውርዶ አውርዶ ሃርድ ዲስኩን የሞላ፣ አንዱን ቪዲዮ እንኳ እስከ መጨረሻው ያላየ ሰው አውቃለሁ። (ስሙን አልጠራም፤ ይሄን ሲያነብ ራሱን ያውቃል።)

ኮርሶቹ ጥሩ ናቸው። ይህን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱም ትንሽ ቆይቼ ላማቸው ነው።

ለጀማሪ ትልቁ ጥቅማቸው ቅደም ተከተል ማስያዛቸው ነው። በራሱ የሚማር ሰው መጀመሪያ ፊግማ የሚባለውን የስክሪን መንደፊያ ሶፍትዌር ይከፍታል። ከዚያ የወደደውን ስክሪን ይቀዳል። ከዚያ ቀለም ሲቀያይር ይመሻል። ኮርስ ግን ያስቆመዋል። መጀመሪያ ሰው አነጋግር ይለዋል። ችግሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፍ፣ በወረቀት ላይ ሞነጫጭር፣ ከዚያ በኋላ ፊግማ ክፈት። የሠራኸውን ደግሞ መልሰህ ለሰው አሳይ። ዩኤክስ የሚባለው ይሄ መንገድ በሙሉ ነው። ዩአይ ደግሞ ወደ መንገዱ መጨረሻ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ነገር ነው። በሁለቱ ልዩነት ላይ የሚደረገው ክርክር ከዚህ በላይ ጊዜ የሚገባው አይመስለኝም።

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2021 ኮርሴራ በሚባለው የኦንላይን ትምህርት ድረ ገጽ ላይ ያወጣው የዩኤክስ ዲዛይን ሰርተፍኬት ለብዙ ሰው በር ከፍቷል። ሲጀመር 7 ኮርሶች ነበሩት። በሳምንት 10 ሰዓት ያህል የሚያጠና ሰው በስድስት ወር ገደማ እንዲጨርሰው ታስቦ የተሠራ ነው። ዲግሪ አይጠይቅም፣ ልምድም አይጠይቅም። የጨረሰ ሰው ሦስት ሥራ ይዞ ይወጣል፦ አንድ የሞባይል አፕ፣ አንድ በስልክም በኮምፒውተርም በልኩ የሚከፈት ድረ ገጽ፣ አንድ ደግሞ አፑንም ድረ ገጹንም አጣምሮ የያዘ ፕሮጀክት።

ክፍያው ላይ ነው ነገር የሚመጣው። አሜሪካ ላለ ሰው ዋጋው በወር 49 ዶላር ነው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ግን ጉዳዩ የገንዘቡ ብቻ አይደለም፣ የካርዱም ነው። ውጭ አገር ዘመድ ያለው ዘመዱን ያስቸግራል። ሜሪላንድ ያለች የአክስት ልጅ ካርድ ስንት ዲዛይነር እንዳፈራ ቢቆጠር ጉድ ነው። ዘመድ የሌለው ደግሞ የኮርሴራን የፋይናንስ ድጋፍ ፎርም ይሞላል። ለምን መማር እንደፈለገ፣ ለምን መክፈል እንዳልቻለ ይጽፋል። መልሱን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅ አለ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይተወዋል።

መተው አያስፈልግም። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት የሚነበብ ነገር አለ። ኒልሰን ኖርማን ግሩፕ የሚባለው የዩኤክስ አማካሪ ድርጅት ጽሑፎቹን በነፃ ያስነብባል። ከመሥራቾቹ አንዱ ያኮብ ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣቸው አሥር የዲዛይን መመሪያዎች ዛሬም የሙያው ሀሁ ናቸው፣ በአንድ ቁጭታ ያልቃሉ። ኢንተራክሽን ዲዛይን ፋውንዴሽን የሚባለው የዴንማርክ ተቋም ኮርሶቹን የሚሰጠው በዓመታዊ አባልነት ክፍያ ነው፣ ግን በነፃ የሚነበብ ብዙ ጽሑፍ አለው። ጽሑፍ ደግሞ ዳታ አይበላም። ቪዲዮ ግድ ከሆነም የኮርሴራ የስልክ አፕ ያወርዳል። ዋይፋይ ያለበት ቦታ አውርዶ፣ መብራት በጠፋበት ማታ ማየት ነው።

ስለ መሣሪያ የሚጨነቁም አሉ። ፊግማ ወይስ ሌላ? ለእነሱ አንድ ታሪክ አለኝ። የጉግል ሰርተፍኬት አንዱን ኮርሱን የሚያስተምረው አዶቢ ኤክስዲ በሚባል የፊግማ ተፎካካሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 አዶቢ ፊግማን በ20 ቢሊዮን ዶላር ሊገዛ ተስማማ። በ2023 ኤክስዲን ለብቻው መሸጥ አቆመ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የአውሮፓ ኅብረትና የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ስላላላወሷቸው የፊግማ ግዢውም ፈረሰ። ኤክስዲን ለፍተው የተማሩ ልጆች ተናደዱ፣ ተናደዱ፣ ከዚያ ፊግማ ገቡ። ብዙም አልከበዳቸውም። ሰው ማነጋገርና ወረቀት ላይ መሞነጫጨር ሶፍትዌር ሲቀየር አብሮ አይቀየርም።

አሁን ወደ ሐሜቱ።

ኮርሶቹ ውስጥ ያለው ተጠቃሚ ሁልጊዜ ብቻውን ነው። ፐርሶና የሚባል ነገር ያሠሯችኋል። የአንድ ምናባዊ ሰው ፎቶ፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ ፍላጎቱ፣ የሚያማርረው ነገር። ያ ሰው የራሱን ስልክ ይዞ ሶፋ ላይ ተቀምጧል። ዳታው አለ፣ ባትሪው ሙሉ ነው፣ ከጎኑ ማንም የለም። እኛ ጋ ስልክ የሚታየው ብዙ ጊዜ በደቦ ነው።

እስቲ አንድ የሰፈር ሱቅ ደጃፍ ላይ ትንሽ ቁሙ። አንድ ልጅ ዘይትና ፓስታ ይገዛል። ካሽ አልያዘም፣ በስልኩ ይልካል። ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ምልክት ይወጣል። «ተሳክቷል» ይላል። እንደ ኮርሱ ከሆነ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ። ተጠቃሚው የፈለገውን አድርጓል። ሱቁ ደጃፍ ላይ ግን ገና መጀመሩ ነው። ልጁ ስልኩን በፍርግርጉ በኩል ያሾልካል።

«እትዬ፣ ይኸው ልኬያለሁ።»

ባለሱቋ ስልኩን አይነኩትም። አንገታቸውን ያሰግጋሉ። ፀሐይ ስክሪኑ ላይ አርፏል፣ በእጃቸው ጋርደው ያያሉ። መጀመሪያ የሚፈልጉት የብሩን መጠን ነው። እሱ ደግሞ ከምልክቱ ሥር በደቃቃ ፊደል ተጽፏል። ቀጥለው ስማቸውን ይፈልጋሉ። ግማሹ በኮከብ ምልክት ተሸፍኗል። ከዚያ ሰዓቱን ያያሉ፣ የትናንት ስክሪንሾት እንዳይሆን። ሰዓቱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

«ቆይ፣ ይግባልኝ» ይላሉ።

የራሳቸውን ስልክ ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ሜሴጅ ይጠብቃሉ።

«ገባ?»

«አልገባም።»

«እትዬ፣ ከእኔ ተቆርጧል እኮ!»

«አንተን አላመንኩም አልወጣኝም ልጄ። ግን ይግባልኝ።»

ከኋላ አንዲት ሴት ዳቦ ትጠይቃለች። ዘይቱና ፓስታው መስኮቱ ላይ እንደተቀመጡ ናቸው። ለጊዜው የማንም አይደሉም።

ያ አረንጓዴ ስክሪን የተሠራው ለከፋዩ ነው። የሚያስጨንቀው ግን ተቀባይዋን ነው። ከፋዩማ መላኩን ያውቃል፣ ብሩ ሲቆረጥ አይቷል። ማወቅ የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። የሚያነቡት ከአንድ ክንድ ርቀት፣ በፍርግርግ፣ በፀሐይ፣ አንዳንዴም ተገልብጦ ነው። አንድ ጊዜ በተቀባባ ስክሪንሾት የተበሉ ሰው ከሆኑ ደግሞ ምስል ብቻውን አያሳምናቸውም። የኒልሰን የመጀመሪያው መመሪያ ሲስተሙ ምን ላይ እንዳለ በግልጽ ይታይ ይላል። ትክክል ነው። ለማን ይታይ? የሚለውን ግን ሱቁ ደጃፍ የቆመ ሰው ነው የሚጠይቀው።

ይቺን አንዲት ስክሪን ብቻ አስቡ። የብሩ መጠን ሩብ ስክሪን ቢይዝ? ሰዓቱ በሁለቱም አቆጣጠር ቢጻፍ? ከፋዩ ስክሪኑን ሲያዞረው ለተቀባይ የሚሆን ሌላ ገጽታ ቢመጣ? ስክሪንሾት አለመሆኑን የሚያሳይ የሚንቀሳቀስ ነገር ቢኖር? ወይስ መፍትሔው ስክሪኑ ላይ ሳይሆን የእትዬ ስልክ ላይ ነው፣ ሜሴጁ ሲገባ ገንዘቡን ጮክ ብሎ እንዲናገር? ለዚህ ሁሉ ጊዜ ወስዶ የሚሠራ ጀማሪ በኔ ግምት ከመቶኛው የምግብ ማዘዣ አፕ የተሻለ ፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ የሚታይ የሥራ ስብስብ) ይኖረዋል።

ሱቁ አንድ ምሳሌ ነው እንጂ ነገሩ የትም አለ። አያት ስልኩን ለልጅ ልጃቸው ሰጥተው «እስቲ ይቺን አንብብልኝ» ይላሉ። የሚስጥር ቁጥራቸውን ሳሎን ሙሉ ሰው እየሰማ ይነግሩታል። ሪያድ ያለች እህት ለቤተሰቧ ብር ስትልክ አንዳንዴ አረብኛውን የምታነብላት ጓደኛዋ ናት። ስለ ደህንነት የሚያስተምረው ክፍል ቁጥርህን ለማንም አትስጥ ብሎ ያልፋል። ይሰጣል እኮ። የሚረዳው ሰው አብሮት እንደሚቀመጥ ቀድሞ አውቆ መሥራት ነው እንጂ፣ ብቻውን ነው ብሎ ማስመሰል ማንንም አይጠብቅም።

ፎርም መሥራት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ኮርሱ ላይ የምታገኙት ናሙና የቤተሰብ ስም ይጠይቃል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፣ የአባትና የአያት ስም ነው ያለን። ባልና ሚስት የተለያየ «የቤተሰብ ስም» ይዘው ሲመጡ ሲስተሙ ግራ ይጋባል። የትውልድ ቀን መምረጫው 12 ወር አለው። ጳጉሜን የተወለደ ሰው ምን ይምረጥ? አምስት ቀን፣ ሲበዛ ስድስት ቀን ያላት ወር ብትሆንም የተወለዱባት ሰዎች አሉ። የሐኪም ቀጠሮ የሚያስይዝ አፕ «3:00» ብሎ ቢጽፍ አንዱ ጠዋት ይመጣል፣ አንዱ ከሰዓት። ፖስታ ኮድ ግዴታ ከሆነ ሰው ዜሮ ደርድሮ ያልፋል። የእኛ አድራሻ «ከማደያው ገባ ብሎ ሰማያዊ በር፣ ስትደርስ ደውል» ነው። የማድረሻ አፕ የሚሠራ ተማሪ ካርታው ላይ ከሚለፋ ይልቅ የመደወያውን በተን ቢያተልቀው ይሻላል።

የኒልሰን ሁለተኛ መመሪያ ሲስተሙ ከሰዎች ዓለም ጋር ይገጣጠም የሚለው ነው። መመሪያው አልጎደለም። ናሙናዎቹ የተሠሩት ለሌላ ዓለም ስለሆነ የቤት ሥራውን እንደወረደ የሚገለብጥ ተማሪ መመሪያውን እየጠቀሰ ይጥሰዋል።

ስለ ቀለምና ፊደል ብዙ አልልም፣ ኮርሶቹ በደንብ ያስተምሩታል። ጽሑፍና ከበስተጀርባው ያለው ቀለም በብሩህነታቸው ቢያንስ 4.5 ለ1 ይለያዩ የሚለውን ደንብ ግን አክብሩት። በነጭ ላይ ፈዛዛ ግራጫ ላፕቶፕ ላይ ያምራል፣ መርካቶ ቀትር ላይ በርካሽ ስልክ ግን አይነበብም። አንድሮይድ የሚነካ ነገር ሁሉ ቢያንስ 48 ዲፒ (ዲፒ የስክሪን መለኪያ ነው) ይሁን ይላል። የጣት ጉዳይ ነውና ይሄም እንደዚያው። የአማርኛ ስክሪን ስትሠሩ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለው ፎንት ፊግማ ላይ አለ። መስመሮቹን ከእንግሊዝኛው ትንሽ ራቅ አድርጓቸው። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የሚባል ስለሌለው ሁሉም ቁመቱን ይዞ ይቆማል፣ ሲጠጋጋ ግድግዳ ይሆናል።

ከሁሉ በላይ ግን ኮርሶቹ የማያውቁት አንድ ነገር አለን፦ ይሉኝታ።

ኒልሰን እ.ኤ.አ. በ2000 በጻፈው ታዋቂ ጽሑፍ አምስት ሰው ብቻ ብትፈትን አብዛኛውን ችግር ታገኛለህ ይላል። ይሄ ለእኛ መልካም ዜና ነው። አምስት ሰው ማግኘት ቀላል ነው፣ ሰፈር አለ፣ ዘመድ አለ። እውነቱን የሚነግራችሁን ማግኘት ነው ከባዱ። የሠራችሁትን ፕሮቶታይፕ (የአፑን የሙከራ ናሙና) ይዛችሁ ወደ ጎረቤት ሂዱ። መጀመሪያ ቡና ይቀርባል። ከዚያ ስልኩን ትሰጣላችሁ። ጎረቤት ስልኩን ከመያዛቸው «ውይ፣ ሲያምር!» ይላሉ። አንድ በተን ይነካሉ፣ የትም አይሄድላቸውም። ሌላ ይነካሉ። ዝም ይላሉ። ከዚያ «እኔ እኮ ነኝ የማላውቀው፣ ያንተ ጥሩ ነው» ብለው ይመልሱላችኋል። ውጤቱን ወረቀት ላይ ስትጽፉት አምስቱም ወደውታል።

ኮርሱ ለዚህ የሚሰጠው ምክር ሰውየው የሚያስበውን ጮክ ብሎ እንዲናገር ጠይቁት የሚል ነው። እኛ ጋ ይሄ ሁልጊዜ አይሠራም። ታላቅ ሰው ፊት፣ በተለይም ባለሙያ ነው የተባለ ሰው ፊት፣ አልገባኝም ማለት ይከብዳል። እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። ሥራው የራሴ አይደለም እላለሁ። «አንድ መሥሪያ ቤት የሠራው ነው፣ ሰዎች አስቸገረን እያሉ ስለሆነ የት ጋ እንደሚያስቸግር እያየሁ ነው።» ያኔ ምላስ ይፈታል። የመሥሪያ ቤት ሥራን ለማማት ይሉኝታ የያዘው ሰው አላየሁም። ውሸቱን ካልወደዳችሁት ደግሞ አፋቸውን ትታችሁ ጣታቸውን ተከተሉ። ጣት አየር ላይ የቆመበት ቦታ ላይ ችግር አለ። ስልኩን ወደ ልጃቸው ያዞሩበት ቦታ ላይ ደግሞ ትልቅ ችግር አለ።

ሰርተፍኬት ሥራ ያስገኛል ወይ የሚል ጥያቄም ይመጣል። ለብቻው አያስገኝም። ለጀማሪ ቦታ የሚያመለክተው ብዙ ሰው ያንኑ ሰርተፍኬት ይዟል። ፖርትፎሊዮዎቹም መንታ ናቸው። አንድ የቡና መሸጫ አፕ፣ አንድ የምግብ ማዘዣ፣ አንድ የአካል ብቃት መከታተያ፣ ሁሉም በአይፎን ፍሬም ውስጥ። ፐርሶናዎቹ ላይ ያሉት ሰዎች ስማቸው የፈረንጅ ነው። አመልካቹ ያደገው ኮልፌ ነው። እንዲህ ያለ ሥራ የሚገመግም ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ዓይኑ ይደክማል።

ባለፈው ዓመት ያየሁት አንድ ሥራ ግን ቀስቅሶኛል። አንዲት ጀማሪ የእናቷን እድር ይዛ መጣች። የመጀመሪያ ሐሳቧ እንደ ሁሉም ሰው የአባላት አፕ ነበር፣ ሁሉም ከስልኩ ወርሃዊውን ይከፍላል፣ ያለቀ የደቀቀ። ከዚያ እሑድ እሑድ እየሄደች ስብሰባው ላይ ተቀመጠች። ያየችውን ጻፈች። እናቶቹ ብሩን በእጃቸው ነው የሚሰጡት። ሰጥተው አይሄዱም። ጸሐፊው መዝገቡ ላይ ስማቸው ፊት ምልክት እስኪያደርግ ቆመው ያያሉ። ማንበብ የማይችሉት እንኳ መስመራቸው ከላይ ስንተኛ እንደሆነ ያውቁታል።

የሠራችው በመጨረሻ ለጸሐፊው የሚሆን በታብሌት የሚከፈት መዝገብ ነው። ጠረጴዛው ላይ በጀርባው ይተኛል፣ ከሁለቱም ወገን ይነበባል። የስሞቹ ቅደም ተከተል እንደ አሮጌው መዝገብ ነው፣ በፊደል ተራ እንዲደረደር አልፈቀደችም። ምልክቱ ሲደረግ ከእናቶቹ በኩል ያለው ግማሽ ስክሪን በሙሉ አረንጓዴ ይሆናል። የኮርሱ ፐርሶና ቅጽ ለዋና ተጠቃሚ አንድ ሳጥን ብቻ ነበረው። እሷ መሃሉን በመስመር ከፍላ ጸሐፊውን በአንድ በኩል፣ እናቷን በሌላው አድርጋ ሞልታዋለች።

ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ ገምጋሚ ለምን የአባላት አፕ እንዳልሠራች ጠየቃት። «አባላቱን ጠየቅኳቸው» አለች። «ስልክ ላይ ከሆነ ሌላው ሰው ስንከፍል አያየንም አሉኝ።»